ከከሰለ አጥንት እውነቱን ያወጡት የወይዘሮ ከይሪያ ጣሀ የሕይወት ታሪክ

በ1976 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በልጉም ክረምቱም ቀረ። በሬዎች ሞቱ። የዘር እህል ተበላ። ከአቶ ጣሀ ቤት ሁለት ልጆች ተቀበሩ። ወይዘሮ ከይሪያ ከአባታቸው ከአቶ ጣሀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘይቱና በዚያው ችጋር ውስጥ፣ በኅዳር 1977 ዓ.ም. ተወለዱ። ይተርፋሉ ያለ አልነበረም፤ ተረፉ።

በቦሩ ሜዳና በደሴ ተምረው በ2000 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። ከመንደራችን ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ከአቶ ሙንዚር ጋር ኒካህ አስረው ኮምቦልቻ ጎጆ ወጡ፤ ሰልዋንና ከሊድን ወለዱ። በየጠዋቱ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ቤተ ሙከራ ይሠሩ ነበር።

ሥራቸው ከተቃጠለ አጥንትና ከበሰበሰ ቆዳ ዲኤንኤ አውጥቶ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ መለየት ነበር፤ በተለይ ሊጠፋ የተቃረበውን የደጋ አጋዘን። በእሳቸው ምርመራ የታሰረም የተፈታም አለ።

በኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለችው የደጋን ከተማ ሰው አቶ መሕሙድ ባሌ ሲነግዱ አጋዘን ገድለዋል ተብሎ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ማስረጃው ከምድጃቸው የተገኘ የከሰለ አጥንት ነበር። ተፈትተው ቢመለሱም «አጋዘን በላ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ልጃቸው ስትታጭ እንኳ ስሙ ቀድሟት ይሄድ ነበር። አጥንቱ እንደገና እንዲመረመር ወደ ወይዘሮ ከይሪያ መጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. «የበሬ ነው» የሚል ውጤት ወጣ። ወይዘሮ ከይሪያ ግን ውጤታቸውን አላመኑትም። ሰሞኑ አረፋ ነበር፤ ቤታቸው በሬ ታርዶ ሥጋ ሲያከፋፍሉ ሰንብተዋል። የዚያ በሬ ዲኤንኤ ከእጃቸው ወደ አጥንቱ ተላልፎ እንዳይሆን ሰጉ። የቀረው አጥንት የጥፍር ያህል ነበር፤ በጊዜው መሣሪያ ቢሞከር ያልቃል።

አቶ መሕሙድ፣ «ልጄ፣ የበሬ ነው ብለሽ ጻፊልኝ፤ አላህ ያውቃል» አሉ።

«አላህ ያውቃል ጋሼ፤ እኔ ገና አላወቅኩም። የመልስ ዕዳ አለብኝ። የአጋዘን ሆኖ ቢገኝም እጽፈዋለሁ» አሏቸው።

መሣሪያው እስኪሻሻል ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ በአረፋ ሰሞን አጥንት አልነኩም። በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ሳለ ያቺን ቁራጭ መረመሩ፤ ሌላ ቤተ ሙከራም ደገመው። የበሬ ነበር። ፍርዱ ተሻረ። ውጤቱ ደጋን ላይ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሕዝብ ተነበበ።

ወይዘሮ ከይሪያ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው አሉ። አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃን ያድርግላቸው፤ ለቤተሰቡም ሶብር ይስጥ።

በቀብራቸው ላይ እንደ ደንባችን፣ «ሟች ዕዳ ካለባቸው ባለመብቱ ይናገር» ተባለ። አቶ መሕሙድ ተነሡ።

«የኔን ከፍላለች» አሉ።