ከአርባ ሜትር በታች

ኅዳር 3
የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሞ ነበር። ጎማውን ቀየርኩት። አቆመ።
ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣ። መርከብ ሥር እየገባ ቆሻሻ መፋቅ ሰልችቶታል። የጥልቅ ጠላቂነት ፈቃድ ለማግኘት ስልጠና ጀምሯል። አርባ ሜትር ሲወርዱ አየሩ ራሱ ያሰክራል አለኝ፤ መጠጥ ሳይቀምሱ። ሰልጣኙ ይህን በራሱ ላይ እንዲያየው ሂሳብ ያሠሩታል፤ አንዴ መሬት ላይ፣ አንዴ ታች፣ በፕላስቲክ ሰሌዳ።
"የአሰልጣኙ ጥያቄ የሕፃን ነው አባዬ። ሰባት ሲባዛ በስምንት… አንተ አውጣልኝ።"
"አወጣለሁ። ግን ተማሪዬ ሳለህ እንደምታደርገው እንዳታማርር።"
"አላማርርም። አንተም ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ ውሃ ውስጥ እንዳትከተለኝ።"
ስቀን ስድስት ጥያቄ አወጣሁለት። የመጨረሻው ትንሽ ይጠጥራል።

ኅዳር 5
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሠራቸው። ስድስተኛው ላይ ምላሱን ነክሶ ቆየ… ራቱ እየቀዘቀዘ። ጥያቄ ጀምሮ ትቶ አይነሳም። ያስለመድኩት እኔ ነኝ።
ምራቴ ሳህን እያነሳች፣ "አባባ፣ ይኼ ነገር አያሰጋም?" አለችኝ።
"ሕጉን ለሚያከብር አያሰጋም። ባልሽ ደግሞ ሕግ ያከብራል።"
"እርስዎ ካሉ እሺ።"

ኅዳር 8
ወረደ። አልወጣም።

ኅዳር 11
አሰልጣኙ መጣ። ገና ልጅ ነው። "ዓሣው" ነው የሚሉት። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። ግድግዳ ተደግፎ ነገረኝ።
"ሰልጣኞቹ ሁለት ነበሩ፣ እኔ ብቻዬን። አንደኛው ታች ስንደርስ መሳቅ ጀመረ… መተንፈሻውን ከአፉ አወጣ። ለልጅዎ እንውጣ ብዬ ምልክት ሰጠሁት። ጣቱን ቀሰረልኝ።"
"ምን ማለት ነው?"
"አንዴ ጠብቀኝ። ይጽፍ ነበር። ሌላውን ይዤ ትንሽ ከፍ አልኩ። ዞር ስል የለም።"
"ስንተኛውን ነበር የሚሠራው?"
ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ግን ጠየቅኩት።
"የመጨረሻውን፣ መምህር።"
ለአንድ ሰው ሁለት ሰካራም ሰጥተው አወረዱት። ይህን አውቃለሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ማን እንዳወጣውም አውቃለሁ።

ኅዳር 12
ለምራቴ ነገርኳት፣ ጥያቄውንም ጨምሬ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "አሁን ይገኝ ብቻ" አለች።

ኅዳር 14
በገመድ ካሜራ አውርደው አገኙት። ሲሰለጥኑበት ከነበረው ጠርዝ ሥር ገደል አለ። ዘጠና አራት ሜትር ላይ ነው።
የወደቡ ኃላፊ፣ "እዚያ የሚወርድ መሣሪያም ሰውም የለንም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለ። ውሃው ዳር ቆሞ እንዲህ ይላል።
ዓሣው ከኋላ፣ "እኔ እወርዳለሁ" አለ። ብቻውን፣ በዚያው ተራ አየር።
"ቤተሰቡ ካለ አልከለክልም። ነገ መልስ ስጡኝ" አለ ኃላፊው። ውሳኔውን እንዴት አድርጎ እኛ ጫንቃ ላይ እንደጣለው…
ቤት ገብቼ አሰላሁት። እዚያ ጥልቀት ላይ የምንኖርበት ኦክስጅን መርዝ ይሆናል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈሻው ከአፉ ይወድቃል። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።
"ይውረድ" አለች ምራቴ። "ያወረደው እሱ ነው፣ ያውጣው።"
"ይሞታል፣ ልጄ።"
"የኔ ባል አልሞተም? እርስዎ የማን አባት ነዎት?"
ያሰላሁበትን ወረቀት አጠፍኩት።
"የምቀብረው ስጡኝ አባባ። ሌላ ምን ጠየቅኩዎት?"
እውነቷን ነው። እኔስ ምን ፈልጌ ነው? ልጄን ነዋ።

ኅዳር 15
እሺ ልል ነበር የሄድኩት። ለራሴ ልዋሽ አልችልም።
ከምራቴ ጋር ወደቡ ስንደርስ ዓሣው የአየር ሲሊንደሩን አዝሏል። ቀበቶውን ሊቆልፍ ይሞክራል፣ ይስታል፣ እንደገና ይሞክራል። ያየኛል። እንድከለክለው ነው? እንድፈቅድለት ነው? አላወቅኩም።
"አይወርድም" አልኩ።
"እርግጠኛ ነዎት?" አለ ኃላፊው።
"ጨርሻለሁ። አውልቅ፣ አንተ ልጅ።"
ምራቴ አልጮኸችም። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ላነሳት ስጎነበስ እጄን ገፋችው።
"እዚያው ታች ተዉት አይደል? ሁለቴ ነው ያስቀሩብኝ።"

ኅዳር 19
እናቷ ቤት ሄዳለች። ስልክ አታነሳም።
ጥርሴን አመመኝ። ይመመኝ።

ኅዳር 23
መንገድ ላይ አገኘኋት። ዳቦ ይዛለች። ባርኔጣዬን አነሳሁላት። እንደ መብራት ምሰሶ አልፋኝ ሄደች።
አልፈርድባትም።

ኅዳር 27
በር ተንኳኳ። የማላውቃት ሴት፣ በእኔ ዕድሜ።
"የአሰልጣኙ እናት ነኝ። ልጄን መለሱልኝ፣ መምህር።"
እጄን ልትስም ጎነበስ አለች። ሰበሰብኩት።
"ሥራውን ተወ። ውሃ ሲያይ ያንቀጠቅጠዋል። ግን አለ። ለእርስዎ… ምን እላለሁ እኔ? ምንም ማለት አልችልም።"
"አይበሉ።"
ወደ ማዶ አየሁ። ዓሣው አጥር ተደግፎ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቶ።
"ይምጣ? ፊትዎን ካላየሁ ብሎኝ ነው።"
አርባ ዓመት ሳስተምር ደጄ የመጣ ሰው መልሼ አላውቅም።
"አይምጣ" አልኳት።
ዛሬም ቢጠይቁኝ አይወርድም ነው የምለው። ትክክል ነበር። ግን ትክክል መሆኔ ምን አደረገልኝ?
በሩን ዘጋሁ። ከጀርባው ቆሜ ሲሄዱ ሰማኋቸው። የሁለት ሰው ኮቴ።