በረዶ የሌለበት ደብዳቤ

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017

ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። ወንጌላዊው የሚስቴን የብርቄን ቅድመ አያት ደብዳቤዎች ሊያይ ከሾላ እዚህ ድረስ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ቅድመ አያቷ ከሚሲዮኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ በፈረንጅ አገር በየጉባኤው እየቆመ ስለ ክርስቶስና ስለ አገራችን ይናገር የነበረ ነው።

«አባባ፣ እስቲ ትንሽ ያንብቡልኝ» አለኝ።

ወረቀቱን ዘርግቼ የበረዶውን ታሪክ አወረድኩለት። ቅድመ አያቷን መንገድ ላይ በረዶ ውጦት፣ አንዲት ባልቴት ጎትታ እንዳወጣችው። ነፍሷን ይማርና ብርቄ አርባ ዓመት ስታነብልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ወንጌላዊው አንገቱን አሰገገና «አባባ፣ እዚህ ላይ በረዶ የለም። ጥርሱን እንዳመመው ነው የጻፈው» አለኝ።

«ሌላኛው ላይ ይሆናላ!»

ሁሉንም አገላብጦ የትም የለም አለ። «የሚስቴን ቃል ልታስተባብል ነው የመጣኸው?» ብዬ አስወጣሁት።

በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ለእጅ ጽሑፍ አይሆንም። ቢሆንም ስታገል ውዬ አንዱን ገጽ ጨረስኩ። እውነትም ጥርስ ነው። አንቺ ሴት፣ ያንን ሁሉ በረዶ ከየት አመጣሽው? አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ወረቀቶቹን ወንጌላዊው ይውሰዳቸው። የበረዶውን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እዚሁ ልጻፈው።

«የተወደድሽ እኅቴ ሆይ፣ በረዶው እስከ ደረቴ ደርሶ ሳለ...»

ከዚያ ምን ነበር የምትለው? ጠዋት እኮ አንዲት ቃል አልጎደለችብኝም።