ቋ ያለው አንዱ ምሰሶ ብቻ ነበር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ እንዳልክ ትውላለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው፣ ደረጃውን የሰው እጅ ሳትይዝ ትወጣለች? የባለቤትህ ሳል ለቀቃት? ልጆቹስ? እኔ በጤና አለሁ። ይህን ሁሉ የጠየቅኩት ከልቤ ነው፤ መልሱንም እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ሰላምታው ለይስሙላ እንዳይመስልህ ብዬ አስቀድሜ ነገርኩህ።

ተናድጃለሁ። ትናንት በስልክ ያልከኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አድሯል። "አንድ ፊርማ ምን ይከብዳል? ፈርመህ ተገላገል" አልከኝ። ልመልስልህ ስል ምላሴ ተያዘ፤ ታላቄ ነህና። ወረቀት ላይ ግን አይያዝም።

አንተ የሰማኸው ከጓደኛህ፣ ከጋራዡ ባለቤት አፍ ነው። አሁን ከእኔ ስማ።

ማክሰኞ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ የስፖርት መኪና መጣች። ሆዷ ከመሬት አራት ጣት አይርቅም። እንዲህ ያለችውን ዘው ብለህ በመኪና ማንሻው ሊፍት አታነሳም። በመጀመሪያ የሊፍቱ ክንዶች ከሥሯ የሚገቡበት ክፍተት እንዲገኝ ጎማዎቿን ሳንቃ ላይ አወጣሁ። ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ስለሆነ ክብደቷ ወደዚያ ያደላል፤ ክብደቱ በሊፍቱ ሁለት ምሰሶዎች መሃል እንዲውል ትንሽ ወደ ፊት አስጠጋኋት። ከዚያ በደረቴ ተኝቼ በባትሪ እየፈለግሁ መነሻ ተብለው ምልክት የተደረገባቸውን አራቱን ቦታዎች አገኘሁ። በእያንዳንዱ ሥር ላስቲክ አደረግሁ። አራቱንም በእጄ ዳሰስኩ። አንተ ውድ ጨርቅ ስትቆርጥ የምትሆነውን ሆንኩ።

ጓደኛህ የቢሮው በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ሠራተኛው ከጀርባው "ፈጠን" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። "መኪና አንሳ አልኩህ እንጂ ሙሽራ አጅብ አልኩህ?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም።

አንድ ስንዝር አነሳኋት። አቆምኩ። ከኋላ ይዤ ወዘወዝኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። ዞሬ አየሁ፤ አራቱም ላስቲኮች በቦታቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው ከራሴ በላይ ያወጣኋት፤ መቆለፊያዎቹ ላይ እንድታርፍም መልሼ በጥቂቱ ዝቅ ያደረግኳት። በየምሰሶው ውስጥ አንድ አንድ መቆለፊያ አለ። ሲይዝ ቋ ይላል። ሁለት ምሰሶ፣ ሁለት ቋ።

አንድ ሰማሁ።

እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ። አንድ ሰማሁና ሁለቱ እኩል ሲይዙ እንደ አንድ ነው የሚሰማው አልኩ ለራሴ። ይህን ለራሴ ስለው ሦስት ወር ሆኖኛል። ሁለቱን መቆለፊያዎች አንድ ላይ የሚያስለቅቀው ገመድ ከተበጠሰ ሦስት ወር ሆኖታል። መኪና ለማውረድ ዞሮ የግራውን በእጅ ማስለቀቅ ያስፈልግ ነበር። ያ ጊዜ ይፈጃል ተባለ። ጓደኛህ የግራውን መቆለፊያ ክፍት አድርጎ በሽቦ አሰረው፤ ገመዱ እስኪገዛ ብሎ። ሲያስር አላየሁም። የሽቦውን ጫፍ ግን አይቻለሁ። አይቼ አልጠየቅኩም። ሁላችንም አይተን አልጠየቅንም፤ ለምን ቢባል መልሱ "ፈጠን" ነውና።

ስለዚህ በቀኝ በኩል መኪናዋ መቆለፊያ ላይ ተቀምጣለች፤ በግራ በኩል የያዛት የሊፍቱ ዘይት ብቻ ነው። "ግባ" አልኩት አጠገቤ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ኤሌክትሪሺያን። እኔ ነኝ ግባ ያልኩት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ የዘይቱ ቱቦ ፈነዳ። ግራው ወረደ፣ ቀኙ ቀረ። መኪናዋ ተንጋደደች። በግራ በኩል የነበረው የብረት ጠረጴዛ ደግፎ ባያስቀራት ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነበር። የወረደው ክንድ ሰውየውን ትከሻው ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። እሱን አንድ ነው ሁለት ነው ብዬ አልተጠራጠርኩም።

ረቡዕ ዕለት ቱቦው ተቀየረ። ሽቦው ግን እንደታሰረ ቀረ። ሊፍቱም ሥራውን ቀጠለ። በያጁ ብቻ "የልጆቼን አባት ከዚህ ሥር አላስገባም" ብሎ ከወንበሩ አልነሳም አለ፤ ሌሎቹ ገቡ። እኔ ቢሮ ተጠራሁ። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፦ አደጋው የደረሰው ክንዶቹን ያለ ቦታቸው በማድረጌ ነው ይላል። ለደህንነት ተቆጣጣሪዋ የሚሰጥ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይፈረም ተባለ።

"ሽቦው አልተፈታም" አልኩት።

"አንተ ስትፈርም ይፈታል" አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። ምግብ ሳኝክ እንኳ ይመጣብኛል። ሰዎች ከዚያ ሥር እየገቡ እየወጡ፣ እሱ በእነሱ ይደራደረኛል። አንተ ደግሞ ትደውልና ውለታ ትለኛለህ። ሥራ አስገብቶኛል፣ እውነት ነው። የምተኛበትን ክፍል ሰጥቶኛል፣ እውነት ነው። ካልፈረምኩ ሁለቱንም እንደማጣ ለመረዳት ያንተ ስልክ አያስፈልገኝም ነበር። ውለታው የአንተ ከሆነ በራስህ ትከሻ ክፈለው።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው ቀኝ እጁ ከደረቱ ጋር ታስሯል። "አሁን ጢሜን ማን ሊላጭልኝ ነው?" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ስለ ወረቀቱ ስነግረው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቆይቶ "ወዝውዘሃታል፤ ቆሜ አይቼሃለሁ" አለ። "የሊፍቱን ክንድ ያለ ቦታው አድርጌያለሁ ብለህ ከፈረምክ አጠገቤ እንዳትደርስ።" ስለ ድምፁም ነገርኩት፤ አንድ ብቻ እንደሰማሁ። ብርድ ልብሱን በግራ እጁ ወደ ላይ ሳበ። ይቅር ብሎኝ ይሁን ተቀይሞኝ አላወቅኩም። መጠየቅም ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት የራሴን ወረቀት ጽፌ ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ድረስ ወስጄ ሰጠሁ። ክንዶቹ በቦታቸው እንደነበሩ፣ መቆለፊያውን ማን እንዳሰረው፣ አንድ ቋ ሰምቼ ግባ እንዳልኩ፣ ሦስቱንም ጻፍኩ። የራሴን ጥፋት ለማንም አላበድርም፤ የሌላውንም አልሸከምም። ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከሰዓት በኋላ መጥታ ሊፍቱን አሸገችው። ጓደኛህ እስከ ነገ ክፍሉን ልቀቅ ብሎኛል። ሻንጣዬ አልጋው ላይ ነው፤ ይህን የምጽፍልህ ክዳኑ ላይ አድርጌ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ስለ ሥራው ምንም አትንገራት፣ ቤት ቀየረ ብቻ በላት። ባለቤትህን ሳሏን ችላ እንዳትለው ንገራት። ትልቋ ልጅህ የላከችው ሥዕል ደርሶኛል፤ መኪናው አምስት ጎማ ቢኖረውም ወድጄዋለሁ። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ከታች ቤት ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በል።

ትናንት በስልክ ስለ ጓደኛህ እንጀራ አራት ጊዜ ጠየቅከኝ። ስለ ሰውየው ትከሻ አንድ ጊዜም አልጠየቅከኝም። ያንተን የስንብት ሰላምታ እኔው ጋ አቆይቼዋለሁ፤ ስለ ሰውየው ጠይቀህ ስትጽፍልኝ እልክልሃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍል፣
አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን።