ሳጥንህ ውስጥ ያለው የዋተርሎ ካርታ

ነጋሳ፣

ነገ ጠዋት ቀበሌ ቤት ለቤት እንደሚፈትሽ ሰማሁ። እኔ የዝናብ መለኪያውን ላነብ ደራ ሄጃለሁ፤ እስከዚያ አልመለስም።

ሳጥንህ ውስጥ የቆለፍከውን የዋተርሎ ጦርነት ጨዋታችንን ካርታ ዛሬውኑ አቃጥለው። «ፈረሰኛው በቀኝ ይክበብ፣ መድፉ ኮረብታው ላይ ይጠመድ» ብለህ በእጅህ ጽፈህበታል። ጨዋታ ነው ብትል ማን ያምንሃል?

የቆርኪ ወታደሮቹን ከጠረጴዛው አንስቻለሁ። የሳጥኑን ቁልፍ ልሰብር ነበር፤ ግን የተሰበረ ሳጥን የባሰ ያስጠረጥራል።

«አንተ ሌባ፣ ጦሬን ነካክተሃል!» ብለህ ነበር ካርታውን የቆለፍክብኝ።

ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የፕሩሲያ ጦርህን አራት ጣት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ባልመልሰው ታሸንፈኝ ነበር።

ይህንንም ወረቀት አብረህ አቃጥል። ከማቃጠልህ በፊት ግን ሁለቴ አንብበው።

ዘገዬ