የጥፍር ቀለም የነካው ሌንስ

ጥር 6

ዛሬ አሥራ አራት ጉርድ ፎቶ። አሥራ አራት ጊዜ “አገጭ ትንሽ ከፍ፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳይተነፍሱ” አልኩ። ካሜራው ጢጥ ይላል፣ ሰውየው ይደርቃል፣ አለቀ። እህቴ እታለም ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሆና፣ “አንዱ አንድ ቀን ሳይተነፍስ ይቀርልሃል፣ ያኔ ታየዋለህ” አለች። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሰው ፊት ስትቆርጥ። መሀል መሀል እኔን።

መሄጃዋ ቀን ተወሰነ። የካቲት 2። ልጇ ጋ፣ ሌላ ከተማ፣ የአሥር ሰዓት መንገድ። ምራቷ መንታ ወልዳለች። “ለትንሽ ጊዜ ነው” ትላለች። ሻንጣዋን አየሁት፣ የብርድ ልብሱም የሙቀት ልብሱም ገብቷል። ይሄ የትንሽ ጊዜ ሻንጣ ነው?

ከሥራ በኋላ ፎቶዋን ፈለግሁ። ሠላሳ አንድ አገኘሁ። በሃያ ዘጠኙ ጉርድ ፎቶ ናት! አገጭ ከፍ፣ ከንፈር ግጥም። ቀኑን ሙሉ የምትስቅ ሴት እኮ ናት... ካሜራ ስታይ ግን ፊቷን ትቆልፋለች። ከመሀል ስትስቅ የያዝኳት ሁለት አሉ፣ እነሱም ላይ እጇ አፏ ላይ ነው። ያቺ የጎን ጥርሷ ከወለቀች ወዲህ እንዲህ ናት።

የፎቶ ቤት ባለቤት ነኝ፣ የእህቴ ፎቶ የለኝም። ለሰው አይወራም። ከመሄዷ በፊት አንድ እሷን የምትመስል ፎቶ ማንሳት አለብኝ። አንድ ብቻ።

ጥር 9

ሌንስ ገዛሁ።

የካሜራዬን ጢጥታ ብዘጋውም የሌንሱ ሞተር ዝዝ ሲል ትሰማለች። ጆሮ አይደለም ያላት፣ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሞተር የሌለው ፈለግሁ። ባለሱቁ አንድ አወጣ። ውስጡ መስታወት ለሌለው፣ ሚረርለስ ለሚሉት ካሜራ የሚሆን፣ 50 ሚሊ፣ ፎከሱ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚዞር። “ርካሽ ነው ብለው አይናቁት፣ ጋሼ” አለኝ። “ድምፅ አለው?” አልኩት። “ምኑ ነው ድምፅ የሚያወጣው?” ወዲያውኑ ወሰድኩት።

ከብረት ነው የተሠራው፣ ይከብዳል። የማሽን ዘይት ይሸታል። የፎከሱ ቀለበት ሲዞር ልስልስ ያለ፣ ደስ ይላል። ክዳኑ ግን በተነቀነቀ ቁጥር ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ከአልጋ ሥር አወጣሁት።

ጥር 10

የሞተ ሌንስ ሸጡልኝ! ገጠምኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩ... ዝም። ደግሜ ተጫንኩ... ዝም። “ርካሽ ሲሉህ ሮጥክ” አለች እታለም። ደሜ ፈላ። ሱቁ ሄጄ ሦስት ደንበኛ ባለበት ጮኽኩ። ባለሱቁ ካሜራዬን ተቀበለኝ፣ ሜኑ ውስጥ ገባ፣ አንድ መስመር ቀየረ። “ሌንስ ሳይገጠም ማንሳት፦ ይፈቀድ።” ቀጭ አለ። ለካ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት ምንም ነገር የለውም፣ ካሜራው ባዶ ነኝ ብሎ ነው እምቢ ያለው።

“ጋሼ፣ በዚህ ሥራ ስንት ጊዜዎ ነው?” አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ልበለው? “ጀማሪ ነኝ” ብዬ ወጣሁ።

ጥር 12

ለእታለም አዲሱን ሌንስ እየሞከርኩ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም። እየቆረጠች ሳለ ካሜራውን አዞርኩባት። ፎከሱን የማዞር መስሎኝ ፊት ያለውን፣ የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ የሚያጠብበውን ቀለበት አዞርኩት፣ ስክሪኑ ጨለመ። ይሄኛው ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። “መብራት ሄደብህ?” አለች። ሌላኛውን ቀለበት ስይዝ ደግሞ ጥርት የሚልበትን ቦታ አሳለፍኩት፣ ተመለስኩ፣ አሳለፍኩት...

ፎቶውን አየችው። “ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጉም?”

ጥር 15

ሰባ ሁለት ፎቶ አነሳኋት። ጥርት ብሎ የወጣው ከኋላዋ ያለው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ዐሥር ከሃያ ይላል።

ጥር 18

ጉድ ነው የሆንኩት። እልህ ያዘኝና በዚያው ሌንስ ደንበኛ አነሳሁ። አንድ አጥር የሚሠሩ የብየዳ ባለሙያ፣ ለመንጃ ፈቃድ። ቀዳዳውን እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ። እንዲህ ሲከፈት ጥርት የሚለው ቦታ የወረቀት ያህል ቀጭን ነው፣ ሰው ትንሽ ወደ ፊት ካለ አለቀ። እሳቸውም “እንዳይተነፍሱ” ስላቸው አየር ስበው ወደ ፊት አሉ። እታለም ቆርጣ ሰጠቻቸው። አዩት። አገላብጠው አዩት።

“ልጄ፣ ትራፊኩ የሚያየው ጆሮዬን ነው እንዴ?”

እውነታቸውን ነው። ጆሯቸው ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል። አፍንጫቸው የለም። እታለም ወንበር አቅርባ ይቅርታ ጠየቀችልኝ፣ “ወንድሜ ነው፣ አዲስ መጫወቻ አግኝቶ ነው” አለቻቸው። የአርባ አንድ ዓመት ሰውዬን! በድሮው ሌንስ ደግሜ አነሳኋቸው።

ሲወጡ ወደ እኔ ዞረች። “አባባ በእንደዚህ ዓይነት ሌንስ ነው ይህን ቤት ያቆመው። አንድ ቀን እንኳ የሰው ጆሮ አንስቶ አያውቅም።” እንዴት ነበር ሲያነሳ ታዲያ? አልኳት። “አንተ የት ታውቃለህ፣ አንተ ስትገባ ካሜራው ራሱ ሁሉን ያውቅ ነበር። አባባ ፎከስ ሲፈልግ አይውልም ነበር። ነጥብ ነበረው።”

ጥር 21

ነጥብ ተደረገ! ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራው መቆሚያ አይነቃነቅም፣ ሦስቱ እግሮቹ ያረፉበት ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት ተደረገበት። የደንበኛው ወንበርም እንደዚያው። እታለም ደንበኛ ሆና ተቀመጠች። ጋዜጣ በሁለት እጇ ዘርግታ ፊቷ ላይ ያዘች። “ፊደሉ እስኪነበብ አዙር፣ ሲነበብ አቁም።” ስክሪኑን አጉልቼ አዞርኩ... “ተነበበ?” ገና። “አሁንስ?” ገና። “ዜናው እኮ አረጀ!” ተነበበ። እጄን ሳላነሳ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣች፣ ቀለበቱ ላይ አንድ፣ ትይዩ የማይዞረው የሌንሱ አካል ላይ አንድ፣ ጠብ ጠብ አደረገች። “ነጥብ ለነጥብ ስታገናኝ የደንበኛው ፊት እዚያ ነው። ቀዳዳውን ደግሞ ጠበብ አድርገው፣ አባባ እንዲህ በርግዶ አይከፍትም ነበር።”

እህቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እኔ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆራጭ ብቻ አድርጌ ነው ያየኋት። አፈርኩ።

ከሰዓት ዘጠኝ ሰው በነጥብ አነሳሁ። ዘጠኙም አፍንጫ አላቸው።

ጥር 24

ሌንሱን ለመድኩት። ጥሩ ነገር ነው፣ የፎቶውን ጥጋ ጥግ ቢያደበዝዝም። መስኮት ፊት ለፊት ስታነሳበት ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ግን ፊት ላይ... ደግ ነው።

እታለምን ግን እስካሁን አልያዝኳትም። ቀለበቱን እስካዞር ፊቷን ቆልፋ ትጠብቀኛለች። ካሜራው ድምፅ አወጣ አላወጣ ለካ አይደለም ነገሩ፣ ካሜራዬን ሳነሳ ታየኛለች። የሌንሱን ብር ውሃ በላው?

አንድ ነገር ግን። ፎከሱን ስፈልግ ፊቷን አየሁት። ግራ ቅንድቧ መሀል ላይ ፀጉር የሌለው ቀጭን መስመር አለ። ከመቼ ጀምሮ? ቀኝ ዓይኗ ከግራው ያንሳል። ካሜራው ራሱ ሲፈልግልኝ እኔ አላይም ነበር ለካ። ስምንት ቀን ቀራት።

ጥር 27

ያዘችኝ። በደንበኞች መስታወት ውስጥ ላነሳት ስል። “ምንድን ነው ሰሞኑን እንደ ሌባ የምትከታተለኝ?” ፎቶሽን ፈልጌ ነው አልኳት። “ሠላሳ አለህ።” እነሱ አንቺን አይመስሉም። መቁረጫውን አስቀመጠች። “ጥርሴ ወልቆ፣ ፊቴ ረግፎ፣ አሁን ነው የታየሁህ? ድሮ የት ነበርክ?” ከሰዓቱን አልተነጋገርንም። ስትወጣ ግን፣ “የሌንስህ ክዳን ከወንበሩ ሥር ነው” አለችኝ።

ጥር 28

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጋዜጣው! ጋዜጣ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። በሁለት እጁ ጋዜጣ የያዘ ሰው አፉን በምን ይሸፍናል?

የካቲት 1

ጠዋት። “እታለም፣ ሳትሄጂ አንድ ነጥብ ጨምሪልኝ። ለመቁረጫው ጠረጴዛ።” ቀና አለች። “እዚህ ማን ሊነሳ ነው?” ለ... ለቤተሰብ ፎቶ፣ አልኳት። “መቁረጫ ላይ? የምን ቤተሰብ ነው፣ ሥጋ ቤት አላቸው?” ግን ጋዜጣውን አነሳች።

መቆሚያውን ሳልነካ ካሜራውን ብቻ ወደ እሷ አዞርኩት። በርጩማዋ ላይ ነች፣ ክንዷ ሥር የተቆረጡ ፊቶች። ጋዜጣውን ፊቷ ላይ ያዘችው። ዝቅ አድርጊው፣ አገጭሽ ሥር፣ ብርሃኑ እንዳይመታው፣ አልኳት። አሁንም ውሸት። ዝቅ አደረገችው።

“ተነበበ?” ገና። ተነቧል እኮ፣ እየዋሸሁ ነው። “አሁንስ?” ገና ነው። “አንተ ማንበብ ትችላለህ ለመሆኑ? ላንብብልህ?” እያለች ከጋዜጣው የማስታወቂያ ገጽ ታነብ ጀመር። “የጠፋ ውሻ... ቡናማ... ባለቤቱን አያውቅም...” እዚያ ላይ ሳቋ መጣ። እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ሲል ጋዜጣው ያዘው። ሳቀች። ሙሉ ሳቅ፣ ትከሻዋ ጭምር። ቀለበቱን አቁሜ ተጫንኩ። ጢጥታው ተዘግቷል፣ ምንም ድምፅ የለም። አንድ ብቻ። “ተነበበ” አልኳት።

ቀለሟን ይዛ መጥታ ሁለተኛውን ነጥብ አደረገች። ስክሪኑን ቶሎ አጠፋሁት። ምንም አላወቀችም።

የካቲት 2

ሄደች። አውቶቡሱ እስኪነሳ በመስኮት ስለ መቁረጫው ስለት ስትመክረኝ ነበር። አለቀስኩ፣ ምን አለበት።

የካቲት 11

ፎቶዋን አሳትሜ ከመቁረጫው በላይ ሰቀልኩት። ጥርት ያለ። ጋዜጣው፣ ቅንድቧ፣ የወለቀችው ጥርሷ ቦታ ሳይቀር። እህቴ ናት። ሌላ ምን ልጻፍ?

እኚያ የብየዳ ባለሙያ ዛሬ ልጃቸውን ለጉርድ አምጥተው ነበር። ፎቶውን አይተው ቆሙ። “ይቅርታ የጠየቁልህ እመቤት አይደሉም? ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚስቁት?” የጠፋ ውሻ ነው፣ አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ ልጅቷም። በዚያው አነሳኋት። “እንዳትተነፍሺ” ማለት ካቆምኩ ሳምንት ሆነኝ። ከጉርዱ ሌላ ደንበኞቼን አንድ አንድ ፎቶ እያወሩ አነሳቸዋለሁ፣ በነፃ። ሥራ ይዘገያል። ይዘግይ።

ለእታለም ሳልነግራት ሰነበትኩ። ዛሬ ጭንቅ ሲለኝ ላኩላትና ደወልኩ። ከወዲያ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከዚያ ሌላው ተቀበለው።

“ሰቅለኸዋል?”

ሰቅዬዋለሁ።

“ጥርሴ ይታያል።”

ይታያል። ሰርቄ ነው ያነሳሁሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

“ማንን ነው የሰረቅከው?” ብላ ሳቀች። “ከአባባ ጋ ስንት ዓመት ጋዜጣ ይዤ ተቀመጥኩ መሰለህ? እጅህ ቀለበቱን ለቆ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁት እኮ። ለቤተሰብ ፎቶ ስትለኝ ድሮም ገብቶኝ ነበር!”

ታዲያ ለምን ፊትሽን አልቆለፍሽውም? አልኳት።

አንዱን ሕፃን እሹሩሩ አለችው።

“ያን ያህል ቀን ስትፈልገኝ ከርመህ... ልደበቅብህ? ይልቅ ያቺን ነጥብ እንዳታስለቅቃት። ስመጣ እዚያው ነው የምቀመጠው።”

ስልኩን ስዘጋ ነጥቧን አየኋት። ጠርዟ ትንሽ ተልጧል። ግልጽ ቴፕ ቆርጬ ለጠፍኩባት።