ለእህቴ ቃል የተሰጠ ሰባ ስድስት ነጥብ

ለተከበሩ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ሬጅስትራር
ግልባጭ፦ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ለሚወድ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደህንነትና የማኅተምዎን ይዞታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው በላኩልኝ ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ደምቆ አርፎ ስላየሁ፣ ቢያንስ እሱ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኝ ተረድቼ ተጽናንቻለሁ። እኔ የተግባራዊ ሳይኮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ። መልኬን አያውቁትም፤ የርቀት ትምህርት አንዱ በረከቱ ይህ ነው። በሥራዬ የአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ታካሚው ቁጥሩን በመስኮት ይነግረኛል፣ እኔ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቼ ወደ ሐኪሙ እልካለሁ። አሥራ አራት ዓመት ይህንኑ ስሠራ ኖሬአለሁና ወረቀት ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እርስ በርሳችን ለማስረዳት አንደክምም፤ የሁለታችንም ሙያ ነው።

አቤቱታ በቁጥር ተከፋፍሎ እንዲቀርብ መመሪያዎ ስለሚያዝ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞጁሎቹ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሞጁል በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ስለ ደረሰኝ፣ ትዕግሥት የሚለውን ምዕራፍ ሳላነበው በተግባር አልፌዋለሁ። ከደረሰኝ በኋላም በአንድ ታካሚና በሚቀጥለው ታካሚ መካከል ባለችው ጊዜ ከመስኮቱ ሥር ደብቄ አነበዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ጋሼ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው ነው፣ ስሜን ትቶ "ሳይኮሎጂ" ይለኝ ጀመር። "ሳይኮሎጂ፣ ነይ እስቲ እኚህን ሰውዬ አብርጂልኝ፤ መስኮቱን ሊሰብሩት ነው" ይለኛል፤ እኔም ሄጄ አበርዳቸዋለሁ። ለዚያ ዘመን ስል ስለ ሞጁሎቹ መዘግየት ያቀረብሁትን ክስ በገዛ ፈቃዴ አንስቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ለምን መማር እንደ ፈለግሁ የምገልጽበት ቦታ በቅጻችሁ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ስለ ነበረች "ዕውቀቴን ለማሳደግ" ብዬ ዋሽቻለሁ። ይቅርታ እየጠየቅሁ እውነቱን አሁን እሞላለሁ። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ትንፋሽ አጥሯት እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። ተረኛዋ እኔ ነበርሁ፤ ካርዷ ግን በቦታው አልነበረም። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈልጌ የሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ተሸጉጦ አገኘሁት። ልጅቷ በዚያው ዕለት አረፈች። ሐኪሙ "ቀድሞ ቢመጣም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ራስሽን አታስጨንቂ" ብሎኛል። እታለም ግን ያን ሁሉ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስሮጥ በመስኮቱ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችኝም። ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ "ብዪ"፣ "በሩን ዝጊ"፣ "መቀሱን አቀብዪኝ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ክቡር ሆይ፣ ወደ ኮሌጅዎ የመጣሁት እህቴን በምን አፍ እንደማናግራት የሚያስተምረኝ ሰው ፍለጋ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክር አገልግሎት የሚያስተምረው ሞጁል አንድ የቤት ሥራ አዘዘን፦ ሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር ስድስት ውይይት አድርጉ፣ የባለጉዳዩን ቃል ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ መዝግቡ፣ በውይይቱ ሰዓት የተጻፈውን ዋናውን ደብተር አስረክቡ፣ ፎቶ ኮፒ ተቀባይነት የለውም። ይህን የቤት ሥራ ላወጣው ሰው፣ ያለ አንዳች ሽሙጥ፣ ረጅም ዕድሜ እመኝለታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምስጋናዬን ቃል በቃል ሊወስደው የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ደብተሬን ገለጥሁ። እታለም ገርመም አድርጋኝ "ምን ሆነሽ ነው እንደ መርማሪ የምትጽፊው? ምን ጠፍቶ ነው?" አለች። የመጀመሪያው ውይይት በዚሁ አበቃ። በሁለተኛው እሁድ፣ ሞጁሉ ዝምታን አክብሩ ስለሚል፣ አርባ ደቂቃ አከበርሁ፤ እሷም ሁለት ጉርድ ቀሚስ ጨረሰች። በሦስተኛው "እንዲያው ከምትገተሪ ጨርቁን ያዢልኝ" ስላለችኝ በአንድ እጄ ጨርቅ ይዤ በሌላው ጻፍሁ። በአራተኛው ግን ልጇ ሕፃን ሳለች ከመኪናው ሥር ገብታ፣ መርገጫውን ትራስ አድርጋ ትተኛ እንደ ነበር፣ እንዳትቀሰቅሳት ስትል መስፋት እያቆመች ስንቱን ደንበኛ እንዳስቀየመች ነገረችኝ። "አንዷ ሙሽራ እርግማን ቀረሽ ነገር ተናግራኝ ሄዳለች" አለችና ሳቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ በደብተሩ ላይ እንዴት እንደምጽፈው ቸግሮኝ "ሳቀች" ብዬ አለፍሁ። በአምስተኛው እሁድ አለቀሰች፤ ያን ቀን ገጹ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው።

በስድስተኛው የተሸነፍሁት እኔ ነኝ። አማካሪ ስለ ራሱ እንዳያወራ ሞጁሉ ቢከለክልም፣ "እታለም፣ ያን ቀን ካርዷን…" ብዬ ጀመርሁና መጨረስ አቃተኝ። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። "ስትሮጪ አይሽ ነበር" አለች። "አንዱ ጫማሽ ወልቆ በባዶ እግርሽ ነበር የምትሮጪው፤ አላወቅሽም። እኔ እሱን እግርሽን ነበር የማየው።" ከዚያ ለአንድ ገጽ ያህል ተናገረች። እኔ ቀና ብዬ ሳላያት፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ጻፍሁ። ከደብተሩ አገኘዋለሁ ብዬ ተማምኜ ጆሮዬን አሳረፍሁት።

ደብተሩን ባስረከብሁበት ቀን መብራት ጠፍቶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። "ነገ አስገልብጬ ላምጣው?" ብዬ ብለምን ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው ተባልሁ። የሰው ካርድ ስጠብቅ የኖርሁ ሴት የራሴን ሳላስቀር ሰጠሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ከኮሌጅዎ ጋር አልካፈለውም።

እታለም ከስድስተኛው ውይይት ወዲህ ደንበኞቿን መቆጣት፣ ጎረቤት መጥራት፣ ሬዲዮኑን "ድምፁን ጨምሪው" ማለት ጀምራ ነበር። በአርባ ሦስተኛው ቀን ደም ግፊቷ ተነስቶ፣ መቀሷን እንደያዘች፣ ከወንበሯ ወደቀች። አልተነሳችም።

አራተኛውን አቤቱታ ዘልዬዋለሁ፤ በንዴት የተጻፈ ስለ ነበር ለክቡርነትዎ አይመጥንም።

አምስተኛ፣ እህቴን በቀበርሁ በሁለተኛው ሳምንት ስለ ደረሰኝ ደብዳቤዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የቤት ሥራዬ በመዝገብ ቤት እንዳልተገኘ ገልጸው፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ "ያንኑ ባለጉዳይ በድጋሚ አነጋግረው" እንዳቀርብ በቸርነት ፈቀዱልኝ። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤውን ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ጋሼ ከእጄ ወስዶ አነበበውና የእኔንም መስኮት እሱ ይዞ እስከ ማታ ሠራ።

በማግስቱ አራተኛው መስኮት ላይ ወዳለው ባልደረባዎ ሄጄ "ባለጉዳይዋ ሞታለች" አልሁት። መልካም ሰው ነው፤ ከልቡ ሊረዳኝ ፈለገ። "እህቴ፣ ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ሐዘንተኛ መቼ ይጠፋል? ሌላ ሰው ፈልጊ" አለኝ። ደብተሩን ሳስረክብ በተሰጠኝ ደረሰኝ ላይ "ተቀብያለሁ" የሚለውን ፊርማ ሳሳየው አገላብጦ አየና "ፊርማው የእኔ ነው፤ ደብተሩን ግን አላስታውሰውም" አለ። እውነቱን ስለ ተናገረ አመሰግነዋለሁ።

የኮሌጅዎ ዕቃ ቤት ጠባቂ አዘነችልኝና ሦስት ቅዳሜ ገብቼ እንድፈልግ ፈቀደችልኝ። እዚያ የጣሪያ ውኃ ያራሳቸው፣ ማንም ያልገለጣቸው የሁለት መቶ ሰባ ተማሪዎች ደብተሮች አገኘሁ። እጄ አላስችል ብሎት ሁሉንም በቁጥራቸው ደርድሬላችኋለሁ፤ አሁን የፈለጋችሁትን ተማሪ ሥራ በሃያ አምስት ሰከንድ ታገኛላችሁ። የእኔ ብቻ የለም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ባለፈው ሰኞ የወጣው ውጤት ነው። የእርስዎ ቢሮ አልደረሰኝም ላለው ለዚያው የቤት ሥራ የውጤት ክፍሉ ሰባ ስድስት ነጥብ ሰጥቶኛል። ስለ ነጥቡ ቅሬታ የለኝም። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የጻፍሁት ግን ስለዚሁ ነው። ሰባ ስድስት የሰጠ እጅ ካለ፣ ያነበበ ዓይን አለ ማለት ነውና፣ ያ መምህር ማን እንደ ሆነ ይነገረኝ ብዬ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

የምጠይቀው አንድ ቃል ነው። በስድስተኛው ውይይት መጨረሻ እህቴ አንድ ነገር ብላኛለች። "አልወቅስሽም" ትሁን "አልወቀስኩሽም" ጠፍቶብኛል። የመጀመሪያው ከሆነ፣ ሦስቱን ዓመት ስትወቅሰኝ ኖራ በዚያ እሁድ ምራኛለች ማለት ነው። ሁለተኛው ከሆነ፣ አንድ ቀንም ወቅሳኝ አታውቅም፤ ዝምታዋ በእኔ የተነሳ አልነበረም፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ፈርቻት፣ አቅፌ ላጽናናት ስችል ርቄያት ኖርሁ ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም። ጫማዬን አስታውሳለሁ፣ ድምፅዋን አስታውሳለሁ፣ ቃሉ ግን በጻፈው እጄ ላይ ቀረ። መምህሩ ካስታወሱት በቁራጭ ወረቀት ይጻፉልኝ። ማኅተም አያስፈልገውም።

ክቡርነትዎ የሌላ ተማሪ አቤቱታ ሳያነሱ ይህን ያህል ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ እንዳገኙ ተስፋ በማድረግ፣ ለቢሮዎ ሰፊ መደርደሪያ፣ ለጣሪያው የማያፈስ ቆርቆሮ፣ ለእርስዎም ከማንም የተሰወረ ቃል የሌለበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የተግባራዊ ሳይኮሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብተሩን ማንም ሳያነብ ነጥቡ እንዲያው በግምት የተሞላ ከሆነ፣ እባክዎ እውነቱን አይግለጹልኝ። እንደ ልማድዎ መልስ ባለመስጠት ይተባበሩኝ፤ እኔም ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል እያልሁ እኖራለሁ።