ስለ ሁለት ብስክሌቶችና ስለ ሦስት ቁልፎቻቸው

ቆቦ፣ ጥር ፳፻፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ካሣዬ፣
የሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሰንሰለትዎ የጠና፣ እንቅልፍዎም እንደ ዘበኞችዎ እንቅልፍ የጣፈጠ እንዲሆን እመኛለሁ።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ለእርስዎ በመንገር ልጀምር። የሟች ባለቤቴ ብስክሌት ከበራችን የተሰረቀችው ቁልፉ ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ እኔ መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ ሳልቆልፋት ስለቀረሁ ነው። እሱ ግን ቆልፌያለሁ ማለቴን አምኖ፣ የቁልፉን ፋብሪካ ሲረግም ኖሮ አረፈ። ስለዚህ ሁለቱ የውጭ አገር እንግዶች፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪናቸው የተራራውን መንገድ አልችል ስላለ፣ ከኋላው ከተሰቀሉት ሁለት ብስክሌቶች ጋር በደጄ አቁመውት፣ አደራ ብለውኝ በአውቶቡስ ወደ ላሊበላ ሲወጡ ለምን ወደ እርስዎ እንደሮጥኩ ይረዱልኛል። ኮሚቴዎም ላደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. የእድራችን ሣጥን በሦስት ሰው እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች እንደሚጠበቅ አስታውሳችሁ፣ ብስክሌቶቹንም በዚሁ ሥርዓት በሦስት ጓጉንቸር ስለቆለፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። አንዱ ቁልፍ በእርስዎ፣ ሌላው በጸሐፊው፣ ሦስተኛው በገንዘብ ያዡ በአቶ ክብሮም እጅ ይገኛል። አቶ ክብሮም ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ዋጃ ከሄዱ ሰነበቱ፤ ሠርጉ አልቆ መልሱ፣ መልሱ አልቆ ቅልቅሉ መቀጠሉን ሰምቻለሁ። ጥር ደግሞ ገና አላለቀም።

፪ኛ. ሰንሰለቱን በብስክሌቶቹ ብቻ ሳትወሰኑ፣ በመስቀያው ብረት አዙራችሁ ደጄ ካለው የኒም ዛፍ ጋር ስላሰራችሁት ምስጋናዬ እጥፍ ነው። አሁን መኪናውም ከቆቦ ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቴ መይሙና ባለፈች ቁጥር፣ ዛፉ ምን ሰርቆ ነው የታሰረው እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም ጉዳዩ በኮሚቴ ተይዟል እላታለሁ።

፫ኛ. ሌባውን በተመለከተ፣ መጥቶ ነበር። ሰንሰለትዎን በአክብሮት ትቶ ሁለቱን ኮርቻዎች ፈትቶ ሄደ። ኮሚቴ ስለሌለው ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም። ዘበኛችሁ ኮርቻዎቹ መሰረቃቸውን ከሁላችን ቀድሞ ማወቁን ግን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ተደግፏቸው ይተኛ ስለነበር ሲነሱበት መሬት ወደቀ።

እንግዶቹ ነገ ጠዋት ይመለሳሉ፤ ጅቡቲ መርከብ ስለሚጠብቃቸው ሳያድሩ በሚሌ በኩል ይጓዛሉ። ይህን ሳሳውቅዎ፣ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተሟሉ መክፈት እንደማይቻል፣ እንግዶቹም ብስክሌቶቹ የራሳቸው ለመሆናቸው ከሰፈሩ ነዋሪ ሁለት ምስክር ማቅረብ እንደሚኖርባቸው በታላቅ ትዕግሥት አስረድተውኛል። ንብረትን ከባለቤቱ ጭምር የሚጠብቅ ኮሚቴ በሮቢትም በጎብዬም አይገኝም። ሆኖም የሰው አደራ ከደጄ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ዝም ብዬ ማየት ስለማልችል፣ ይህን ያህል ጥበቃ ከአቅሜ በላይ መሆኑን ሳሳውቅዎ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሰፈራችንን አጥብቀው ስለያዙልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ወሰንየለሽ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የኮርቻዎቹ ሌባ ከተያዘ እባክዎ አይሰሩት፤ በኮሚቴው አባል ያድርጉት። በዚህ ሰፈር ሌሊት ነቅቶ የሚያድር እሱ ብቻ ነው።

ግልባጭ፦
ለአቶ ክብሮም፣ ሠርግ ቤት፣ ዋጃ፤
ለአቶ በድረዲን፣ ብየዳ ቤት፣ ቆቦ፤ የብረት መቁረጫቸውን ይዘው ጎህ ሲቀድ ከደጄ እንዲገኙ።